ጦርነቱን አይተው ጠቡን ለዘለሉት፦ «ዘ አቬንጀርስ»ን ላጣጣለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሱፐርሂሮ ፊልሞች የተጻፈ አንድ ጠንከር ያለ ትችት አነበብኩ። ዒላማው ስድስት የኮሚክ መጽሐፍ ጀግኖችን አንድ ላይ የሰበሰበው የ2012ቱ የማርቭል ኩባንያ ፊልም «ዘ አቬንጀርስ» ነው። ጸሐፊው ክሳቸውን በቅደም ተከተል ነው ያቀረቡት። ፊልሙ ታሪክ የለውም ይላሉ። ጀግናው ስለበዛ አንዱም ሰው መሆን አልቻለም ይላሉ። ለመረዳት አምስት ፊልም ቀድሞ ማየት ግድ ነው፣ የተሠራውም አደጋ በሌለበት የገንዘብ ስሌት ነው፣ የመጨረሻው ውጊያ ደግሞ ጩኸትና ፍርስራሽ ብቻ ነው ይላሉ። መጨረሻ ላይ ዝነኛውን ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚን ምስክር ጠርተው ይዘጋሉ።

ጽሑፉ ያምራል። ጥቂት ቦታ ላይም እውነት አለው። ግን ሳነበው አንድ ነገር ገረመኝ። ጸሐፊው የሚያወሩት በሙሉ ስለ ፊልሙ ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ ጭቅጭቅ፣ ኩርፊያና ጥርጣሬ ዘለውታል። እኔ ደግሞ ፊልሙ እሱ ነው ባይ ነኝ። ጦርነቱ የመጣው ጠቡ የት እንደሚደርስ እንዲታይ ነው።

ፊልሙ ከወጣ ብዙ ዓመት ስለሆነው ታሪኩን ሳልሸፋፍን ነው የማወራው። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

«ታሪክ የለውም»

ጸሐፊው ታሪኩን እንዲህ ይጨርሱታል፦ ከሌላ ዓለም ጦር ይመጣል፣ ጀግኖቹ ተሰብስበው ይመልሱታል፣ አለቀ። እንዲህ ካጠርነውማ የትኛው ታሪክ ይተርፋል?

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ያሸንፋሉ ወይ?» አይደለም። «አክተር አይሞትም» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ማሸነፋቸውን ቲኬት ስንቆርጥም እናውቃለን። የፊልሙ ጥያቄ ሌላ ነው፦ እነዚህ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሳይናከሱ መቀመጥ ይችላሉ ወይ? ለረጅም ጊዜ መልሱ «አይችሉም» ነው።

የላቦራቶሪውን ትዕይንት እንውሰድ። በራሪዋ መርከብ ላይ ናቸው። የወራሪዎቹ መሪና የቶር ወንድም ሎኪ ታስሯል። በብረት ልብስ የሚዋጋው አይረን ማን፣ ቶኒ ስታርክ፣ ቡድኑን የሰበሰበውን የስለላ ድርጅት የሺልድን ሚስጥራዊ ፋይሎች በኮምፒውተር ሰብሮ እየበረበረ ነው። ካፒቴን አሜሪካ ደግሞ በእግሩ ሄዶ መጋዘን ሰብሮ ገብቶ፣ ያገኘውን መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎታል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ውሸት በሁለት መንገድ ደርሰውበታል። አለቃቸው ኒክ ፊውሪ ሰማያዊውን የኃይል ምንጭ፣ ቴሰራክትን፣ የጦር መሣሪያ ሊሠራበት አስቦ ነበር። ከዚያ ሁሉም አፍ ለአፍ ይገጥማሉ። ከሌላ ዓለም የመጣው ቶር ሰዎችን ይንቃል። ካፒቴኑ ስታርክን «ያንን ልብስ ስታወልቅ ምንድን ነህ?» ብሎ ይወጋዋል። ስታርክም ዝም አይልም፤ ያንተ ጀግንነት ከመድኃኒት ጠርሙስ የወጣ ነው ይለዋል።

ካሜራውን ልብ ይበሉ። የሎኪን በትር ከፊት አድርጎ ቀስ እያለ ይዞርና ሰዎቹን ቁልቁል ዘቅዝቆ ያሳየናል። ማንም «በትሩ እየበጠበጣቸው ነው» ብሎ አያስረዳንም፤ ምስሉ ይነግረናል። ይሄኔ ሲቆጣ ሀልክ ወደተባለ አረንጓዴ ግዙፍ ፍጡር የሚለወጠው ዝምተኛው ዶክተር ባነር ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ እንደነበር ይናገራል። ጥይቱን ወደ አፉ መተኮሱን፣ «ሌላኛው» ደግሞ መልሶ እንደተፋው። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ባነር በትሩን በእጁ እንደያዘ እንኳ አያውቅም። «ዶክተር፣ አስቀምጠው» የሚለውን ስንሰማ ነው እኛም አብረነው ወደ እጁ የምናየው።

ይህ ታሪክ ካልሆነ ታሪክ ምንድን ነው?

በዚያው ጭቅጭቅ ካፒቴኑ ለስታርክ አንድ ነገር ይነግረዋል። አንተ ሽቦ ላይ ተኝተህ ጓደኛህን በላይህ የምታሳልፍ ሰው አይደለህም፤ መስዋዕትነት አታውቅም ይለዋል። ስታርክ «እኔ ሽቦውን እቆርጠዋለሁ» ብሎ ይመልሳል። ጎበዝ መልስ ነው፤ አዳራሹም ይስቃል። መጨረሻ ላይ ግን ባለሥልጣናቱ ኒውዮርክ ላይ የኑክሌር ሚሳኤል ሲያስወነጭፉ የሚቆረጥ ሽቦ አይገኝም። ስታርክ ሚሳኤሉን ተሸክሞ መመለሻው ወደማይታወቅ ሰማይ ይገባል። ጸሐፊው ይህንን «የተለመደ የጀግና ፍጻሜ» ብለውታል። የተለመደ የሚመስለው ጭቅጭቁን ለዘለለ ሰው ነው። ያ ስድብ ባይቀድም ኖሮ ያ በረራ ትርኢት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ደግሞ ቡድኑ በምን አንድ ሆነ? የሺልዱ ወኪል ኮልሰን ይሞታል። የካፒቴን አሜሪካ አድናቂ ስለነበር የቆዩ የካፒቴኑን የስብስብ ካርዶች ያስቀምጥ ነበር። ፊውሪ በደም የራሱትን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ «ሳያስፈርማችሁ ሞተ» ይላቸዋል። አንጀት የሚበላ ንግግር ነው። ቆየት ብሎ ግን ረዳቱ ካርዶቹ የነበሩት በኮልሰን ቁም ሣጥን ውስጥ እንደነበር ታስታውሰዋለች። ደሙን የቀባቸው ራሱ ፊውሪ ነው! ቡድኑ የተገጣጠመው በእውነተኛ ሐዘንና በትንሽ ማጭበርበር ነው። የልጆች ተረት ነው የሚሉት ሰዎች ይህቺን እንዴት እንዳለፏት አላውቅም።

«ጀግና በዝቶ ሰው ጠፋ»

ይህ የጸሐፊው ዋና ክስ ነው። አንድ ፊልም ለአንድ ሰው ብቻ ሲሰጥ ነው ሰውዬው የሚታወቀው ይላሉ።

የሀልክ ጉዳይ ይህንን ሐሳብ ገደል ይከተዋል። በ2003 አንግ ሊ በኤሪክ ባና ተዋናይነት ለብቻው ፊልም ሠራለት። በ2008 በኤድዋርድ ኖርተን እንደገና ተሞከረ። ሁለቱም ፊልሞች ሙሉ ጊዜያቸውን ለእሱ ሰጡት። ሁለቱም ተከታይ ክፍል አልወጣላቸውም። በ2012 ሦስተኛ ተዋናይ፣ ማርክ ራፋሎ፣ መጣና ስክሪኑን ከአምስት ሰው ጋር ተካፈለ። ከአዳራሹ የወጣው ሰው ግን የሚያወራው ስለ ሀልክ ነበር።

ለምን? ብቻውን ሲሆን ስለ እሱ የሚነግረን ራሱ ብቻ ነው። ሰው መሀል ሲገባ ሌሎቹ ይነግሩናል። ባነር ባለበት ክፍል ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ስታርክ ብቻ ኤሌክትሪክ ባለው መሣሪያ ጎኑን ጠቅ ያደርገውና ፊቱን እያጠና «ምንም?» ዓይነት ያየዋል። ካፒቴኑ ይቆጣል፤ መርከቡ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ልትጨርስ ነው ወይ ይላል። ባነር ራሱ ግን አልተከፋም። ሲፈሩት የኖረ ሰው ነው፤ የሚቀልድበት ሲያገኝ ደስ ሊለው ምንም አልቀረው። አንዲት ጠቅ ማድረግ ስለ ሦስት ሰው ነገረችን። ስታርክ አይፈራም። ካፒቴኑ ለሌላው ያስባል። ባነር ብቸኛ ነው። ለዚህ የግማሽ ሰዓት የልጅነት ትዝታ አያስፈልግም።

የሺልዷ ሰላይ ናታሻ ሮማኖፍስ? የመጀመሪያ ትዕይንቷን እናስታውስ። አንድ ጨለማ መጋዘን ውስጥ ወንበር ላይ ታስራ የሩሲያ መሣሪያ ነጋዴዎች ይመረምሯታል። ስልክ ይደወላል። ደዋዩ ኮልሰን ነው፤ ለእሷ ስጧት ይላል። ስልኩን ትከሻዋና ጆሮዋ መሀል ሰክታ «አሁን ሥራ ላይ ነኝ፤ ሰውዬው ሁሉን እየነገረኝ ነው» ትለዋለች። መርማሪው ግራ ገብቶት ያያታል። ለካ ምርመራውን የምታካሂደው የታሰረችው ናት። ጓደኛዋ ባርተን፣ ሃውካይ የሚባለው ቀስተኛ፣ ችግር ውስጥ መሆኑን ስትሰማ ግን ፊቷ ይለወጣል። «ትንሽ ጠብቀኝ» ትልና ከነወንበሩ ተነስታ ሁሉንም ትዘርራቸዋለች። ኮልሰን በወዲያኛው ጫፍ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የሚሰባበረውን እየሰማ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ይቆማል። ስትጨርስ ጫማዋን አንስታ ስልኳን እያወራች ትሄዳለች።

ያው ሴትዮ በኋላ ሎኪን በዚሁ ዘዴ ታታልለዋለች። የተሰበረች መስላ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ እሱ ሲፎክር እቅዱን ይዘረግፍላታል። ሀልክ መርከቡ ውስጥ ሲያሳድዳት ግን ማስመሰል የለም። ካመለጠች በኋላ ጥግ ይዛ ተኮራምታ ስትንቀጠቀጥ እናያታለን። ሁሉን ትችላለች ያልናት ሴት በእውነት ፈራች። ከዚያ ደግሞ የባርተን ስም በሬዲዮ ሲጠራ ትነሳለች። ጸሐፊው «ሰው የለም» ሲሉ ይህችን የት አደረጓት?

ቡድን የመሰብሰብ ታሪክ ስንፍና ነው የሚለውንም አልቀበልም። ጃፓናዊው ዳይሬክተር ኩሮሳዋ ሰባቱን ሳሙራዮች አንድ በአንድ የሰበሰባቸው በ1954 ነው። ሆሊውድም በ1960 ወደ ላም ጠባቂዎች አገር ወስዶ ደገመው። ደስታው ያለው ምልመላው ላይ ነው፤ ማን እምቢ ይላል፣ ማን በገንዘብ ይመጣል፣ ማን ከማን ጋር አይስማማም። አቬንጀርስም በኮሚክ መጽሐፍ በ1963 በስታን ሊና በጃክ ከርቢ ሲጀመር እንዲሁ ነበር። ሀልክ ገና በሁለተኛው እትም ተቀይሞ ከቡድኑ ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች ሲፈጠሩም ተጨቃጫቂ ነበሩ።

«አምስት ፊልም ማየት ግድ ነው»

አይደለም። ከእሱ በፊት የወጡት አምስት ናቸው፤ «አይረን ማን»ና «ዘ ኢንክሬዲብል ሀልክ» በ2008፣ «አይረን ማን 2» በ2010፣ «ቶር»ና የመጀመሪያው «ካፒቴን አሜሪካ» በ2011። አንዱንም ሳያዩ መግባት ይቻላል። ፊልሙ እያንዳንዱን ሰው እንደ አዲስ ያስተዋውቃል። ስለ ናታሻ ማወቅ ያለብንን ያቺ ወንበር ነገረችን። ካፒቴኑ ከ70 ዓመት ገደማ እንቅልፍ የነቃ ወታደር መሆኑ በሁለት ንግግር ይገባል። አንድ ብቻ ላስቀድም የሚል ሰው ካለ «ቶር»ን ይይ፤ የሎኪ ቅናት ከየት እንደመጣ ያሳየዋል።

«አደጋ የሌለበት የገንዘብ ማሽን»

ገንዘቡ እውነት ነው። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በመክፈቻ ሳምንቱ መጨረሻ ከ200 ሚሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያው ፊልም ነው። ግን ጸሐፊው ከውጤቱ ተነስተው ወደ ኋላ ነው የሚፈርዱት። ከተሳካ በኋላ ሁሉም ቀላል ይመስላል።

ማርቭል በ1996 ኪሳራ አውጆ ለፍርድ ቤት ያመለከተ ኩባንያ ነው። ገበያ ያላቸውን ጀግኖች የፊልም መብት ለሌሎች ሸጦ ነበር፤ ስፓይደርማን ሶኒ እጅ ገባ፣ ኤክስመን ፎክስ እጅ። ለራሱ የቀሩለት ሰፊው ተመልካች ብዙም የማያውቃቸው ነበሩ። በ2005 ከሜሪል ሊንች ጋር የ525 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሲዋዋል መያዣ ያደረገው የእነዚሁን ገጸ ባሕርያት የፊልም መብት ነው። ካፒቴን አሜሪካና ራሱ አቬንጀርስ በመያዣው ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ፊልሞቹ ቢከስሩ ባንክ ይወስዳቸው ነበር። ዲዝኒ በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው በ2009፣ ነገሩ መልክ መያዝ ከጀመረ በኋላ ነው። ቤቱን አስይዞ የተበደረን ሰው አደጋ አላየም ማለት ይከብደኛል።

«ጀግና ሰብስብ፣ ብር እፈስ» የሚለው ቀመር እውነት ቢሆን ኖሮ ደግሞ የተፎካካሪው ኩባንያ «ጀስቲስ ሊግ» ምን ሆነ? ባትማን አለ፣ ሱፐርማን አለ፣ ወንደር ዉማን አለች። ከአይረን ማን የበለጠ ስም ያላቸው ናቸው። ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር በቤተሰብ ሐዘን ምክንያት ሥራውን ሲለቅ ያጠናቀቀው ያው የአቬንጀርስ ዳይሬክተር ጆስ ዊደን ነው። ሰውዬው አንድ፣ ሐሳቡ አንድ፣ በጀቱም ትልቅ። በ2017 ወጣና ከ660 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ አልዘለለም። ከቡድኑ ግማሹን፣ ፍላሽን፣ አኳማንንና ሳይቦርግን፣ በቅጡ የምንተዋወቃቸው እዚያው ፊልም ውስጥ ነው። ለመጣላት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። የማያውቁት ሰው ከማያውቁት ሰው ጋር ቢታረቅ ማንን ይገደዋል?

«ጩኸትና ፍርስራሽ»

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው አለ። ቺታውሪ የተባሉት ወራሪዎች ፊት የላቸውም፣ ሐሳብ የላቸውም። ዋናው መርከብ ሲፈነዳ ሁሉም እንደ ጨርቅ መውደቃቸውም ስንፍና ነው። ጸሐፊ ሲቸኩል የሚያደርገው ነገር ነው።

ውጊያው ግን አይምታታም። ካፒቴኑ ሁሉንም በክብ አቁሞ ሥራ ያከፋፍላል። ባርተን ጣሪያ ላይ ሆኖ ያያል። ስታርክ ዳር ዳሩን ይጠብቃል። ቶር ወራሪዎቹ የሚገቡበትን የሰማይ ቀዳዳ ይዘጋል። ካፒቴኑና ናታሻ መሬት ላይ ይቆያሉ። ወደ ሀልክ ዞሮ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ይለዋል፦ «ሰባብር»። ከዚህ በኋላ ማን የት እንዳለ፣ ለምን እንዳለ እናውቃለን። ብዙ የጦርነት ፊልሞች ይህቺን አንድ ደቂቃ ስለሚነፍጉን ነው መሀል ላይ የምንጠፋው።

ጥቂት ቀደም ብሎ ካፒቴኑ ለአንድ ፖሊስ መኪና ላይ ቆሞ መንገድ ዝጉ፣ ሰው በምድር ቤት አውጡ ይለዋል። ፖሊሱ «አንተ ማን ስለሆንክ ነው የምታዘኝ?» ይላል። ልክ ነው፤ ባንዲራ የመሰለ ልብስ የለበሰ ሰው ነው የሚያዘው። ወዲያው ሁለት ወራሪዎች ያርፋሉ፤ ካፒቴኑ ፖሊሱ ዓይን ሥር ያባርራቸዋል። ፖሊሱ ዞር ብሎ በሬዲዮው የሰማውን ትእዛዝ ቃል በቃል ይደግማል። በጣም ያሳቃል። ደግሞም ፊልሙ መንገድ ላይ ያለውን ሰው እንዳልረሳ ያሳያል።

ከሁሉ የምወደው ያ ረጅሙ ምስል ነው። በኮምፒውተር ተገጣጥሞ ያልተቆረጠ መስሎ የተሠራ ነው። ናታሻ ከምትነዳው በራሪ ይጀምራል፤ ስታርክ ይቀበላታል፤ ካፒቴኑ ጎን ያርፍና ጨረሩን በጋሻው ላይ ያነጥራል፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጣሪያው ላይ ባርተን ቀስት ይለቃል፤ ቀስቱን ተከትለን ቶርና ሀልክ ከሚጋልቡት ግዙፍ አውሬ ላይ እንደርሳለን። አንድ ሰዓት ሙሉ በቃላት ሲቦጫጨቁ የነበሩት ሰዎች አሁን አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። ማንም «አንድ ሆንን» ብሎ ንግግር አያደርግም። በመጨረሻ ሀልክና ቶር አውሬውን ጥለው ጎን ለጎን ቆመው ይተነፍሳሉ። ጥሩ ወዳጅነት ተመሠረተ ስንል ሀልክ ሳያየው ቶርን በቡጢ ይነርተዋል። ፍቅራቸው እስከዚህች ነች!

ከስሞቹ ዝርዝር በኋላ የምትመጣውን የሻዋርማ ቤት ትዕይንትም ጸሐፊው «ትርጉም የለሽ ቀልድ» ብለዋታል። ስድስቱ ደክሟቸው፣ ቆስለው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ይበላሉ። የተቀረጸችው ፊልሙ ሆሊውድ ላይ ከተመረቀ በኋላ ነው። ክሪስ ኢቫንስ ለሌላ ፊልም ጺሙን አሳድጎ ስለነበር ፊቱን በእጁ ይዞ የሚታየው ለዚያ ነው። ያን ሁሉ ሲጮሁ የነበሩ ሰዎች ሳያወሩ አብረው መብላት ከቻሉ ለእኔ በቂ ትርጉም አለው።

ስኮርሴዚ ምን አለ?

በ2019 ስኮርሴዚ እነዚህን ፊልሞች ከመዝናኛ ፓርክ ጋር አነጻጽሮ ሲኒማ አይደሉም አለ። ቆይቶ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ሐሳቡን አብራርቶ ጻፈ። ትልቁ ጭንቀቱ ሌላ ዓይነት ፊልሞች ትልቅ ስክሪን እያጡ መሄዳቸው ነው። በዚህ አልከራከረውም። ከ2012 በኋላ ስቱዲዮዎች ሁሉ ተከታታይ ዓለም ካልገነባን ብለው መራወጣቸው ብዙ የደከመ ፊልም አስታቅፎናል። አንዳንዱን እኔም መሀሉ ላይ ጥዬ ወጥቻለሁ። ግን የስክሪን ድልድል የአከፋፋዮች ጉዳይ ነው። የአንድን ፊልም ጥራት የምንለካው እሱን ተከትለው በመጡት አስመሳዮች ከሆነ ከስኮርሴዚ የወንበዴ ፊልሞችም ብዙ የሚተርፍ አይመስለኝም።

አንድ ክስ ግን ሳልመልስ ቀርቻለሁ፤ የሃውካይ። ጸሐፊው ሰውዬው ከፊልሙ ግማሽ በላይ አእምሮው በሎኪ ተነጥቆ እንደ አሻንጉሊት ይዞራል ብለዋል። እውነት ነው። ጭቅጭቁ ውስጥ የለም፣ ኩርፊያው ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ሲታረቁም የሚታረቀው ከማን እንደሆነ አይገባንም። ጄረሚ ሬነርን የመሰለ ተዋናይ ይዞ እንዲህ ማድረግ ብክነት ነው። ይህችን አንዷን ጸሐፊው ይውሰዱ።